የምርቃት ጥሪ

ቢቸና ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ሚሞሪ እጭን ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ሰው ስልኩን ይሰጠኛል፣ እኔ ከኮምፒውተሬ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ድራማ እሞላለታለሁ። ባለ ሁለት ሲም የቻይና ስልክ በየገበሬው ኪስ የገባበት ጊዜ ስለነበር በገበያ ቀን ወረፋው ከበሩ ውጭ ይረዝማል።

አንድ ቀን ወደ ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚሄድ ወጣት ዘፈን ሊያስጭን መጣ። እናቱ በር ላይ ቆመው ይመርቁታል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ አሜን አሜን ይላል። ምርቃቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ልጁ የሚሄደው ግን ለመንፈቅ ነው። «እማማ፣ እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ» ብዬ ማይክራፎኑን አስጠጋሁላቸው፤ ቀዳሁና የስልኩ ጥሪ አደረግሁለት። ከዚያ ወዲያ ሰው በደወለለት ቁጥር እናቱ ይመርቁታል ማለት ነው።

ወሬው ቶሎ ተዛመተ። ከእነማይ ወረዳ ገጠር ሁሉ እናቶቻቸውን ይዘው የሚመጡ ጎረምሶች ሱቄን ሞሉት። እኔም ደረቴን ነፋሁ። የሚያናድደው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ስልኩን ማንም አያነሳም። የሚመርቅን ሰው ማቋረጥ ነውር ስለሆነ ባለስልኩ ምርቃቱ እስኪያልቅ ቆሞ አሜን ይላል፣ አብሮት ያለው ሰውም አሜን ይላል፣ ደዋዩ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ የአንዱ ስልክ ጮኾ ግማሹ ተሳፋሪ አሜን ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በኋላ ምርቃቱን እየቆረጥኩ ማሳጠር ጀመርኩ። የድምፅ መቁረጥ ሙያዬ የመጣው ከዚያ ነው።

የመቅጃ ዕቃዬን የምሞክረው በእናቴ ድምፅ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ሱቁ ብቅ ስትል ወንበር ላይ አስቀምጣትና «መርቂ» እላታለሁ።

«ማንን?»

«ማንንም። ናሙና ነው።»

«ደግሞ ማንንም ተብሎ ይመረቃል! በል እንግዲህ ለሞጣዋ ልጄ ነው ብዬ ልመርቅ።»

ሞጣ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት፤ እዚያ አግብታ ነው የምትኖረው። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ውስጥ የነበረው የእናቴ ድምፅ ሁሉ ከሞላ ጎደል ለእሷ የተባለ ነበር።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እናቴ ቅቤዋን አንጥራ፣ የገንፎ እህሏን አስፈጭታ ልታርሳት ተዘጋጀች። ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ሆዷን አመማት፤ በሁለተኛው ቀን ሞተች። በቀብሯ ላይ አላለቀስኩም። ሰዉ አየኝ፤ እኔም ሰዉን አየሁት። ከአሁን አሁን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ቆመህ ስትቆይ እግር እንደሚደነዝዘው ደንዝዤ ነበር። ከቀብሩ በአራተኛው ቀን እህቴ ሴት ልጅ ተገላገለች።

የእናታችን ወንድም ቄስ ናቸው። ቤተ ዘመዱን ሰብስበው ቆረጡ። «አራስ አትረዳም። ወተቷ ይደርቃል። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳ፣ ያን ጊዜ ሄደን እናረዳታለን።» የእህቴ ባል ተስማማ። እናቴ እግሯ ተሰብሮ ወጌሻ አስሯታል እንበል ተባለ። እናቴ የራሷ ስልክ ስላልነበራት ሁልጊዜ የሚያወሩት በእኔ ስልክ ነበር፤ ስለዚህ ውሸቱ በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

አሥር ቀን ያህል «ተኝታለች»፣ «ሰው መጥቶባታል» እያልኩ እህቴን ሸነገልኳት። በኋላ አለቀሰች። «ድምጿን ካላሰማኸኝ ልጄን ታቅፌ እመጣለሁ!» አለች። አውቃታለሁ፤ ትመጣለች።

ሱቁን ዘግቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የእናቴ ድምፅ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ነው፤ ስትስቅ ይወፍራል፣ ስትተነፍስ ይቀጥናል። ቆረጥኩ፣ ቀጠልኩ። ሳሏን ሳላስበው አወጣሁት፣ ከዚያ ሰው ያስመስላል ብዬ መለስኩት። እንዲህ ብዬ ማሰቤ ሊዘገንነኝ ይገባ ነበር። የደንበኛ ሥራ የምሠራ ያህል እንኳ አልከበደኝም።

እህቴ ጋ ደውዬ ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አስጠጋሁ። «ልጄ» አለች እናቴ።

«እማ! እማዬ!»

«ክፉ አይንካሽ። ያሰብሽው ይሙላልሽ።»

«አሜን። እግርሽ እንዴት ሆነ?»

«ወልደሽ ሳሚ። ደስታሽን ያሳየኝ።»

«አሜን፣ አሜን። መቼ ትመጫለሽ?»

ስልኩን ነጥቄ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አትሰማሽም» አልኳት። እህቴ እየሳቀች ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ ያህል እንዲሁ አደረግሁ፤ በየጊዜው ሌላ ቦታ እየቆረጥኩ።

ክርስትናው ሊደርስ ሲል አዲስ ነገር መጣ። በእኛ ቤት ለልጅ ስም የምታወጣው የእናት እናት ናት። አማቷ ሊያወጡላት ቢሉ እህቴ እንቢ ብላ ሕፃኗ እስከዚያ ያለ ስም ቆይታለች። «ቀኑ ደረሰ፤ እማ ስሟን ትንገረኝ። ሌላ ሰው እንዳያወጣባት» አለችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ የእናቴን ቅጂ ሁሉ ሰማሁ። ዶሮ ታባርራለች፣ ወንበሩ ይቆረቁራል ትላለች፣ እኔን ምሳህን ብላ ትለኛለች። ለሕፃን ስም የሚሆን ቃል የለም። እህቴ ደወለች። እንደ ልማዴ ሰላምታውንና ምርቃቱን አሰማኋትና ስልኩን ወሰድኩ። «በል ስሙን» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ደንበኛ የተወችው ሚሞሪ ካርድ ነበር፤ እንዳይጠፋ ስሟን በፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። እሱን አነበብኩላት።

«እንዲህ በያት ብላለች» አልኩ።

እህቴ ስሙን ቀስ ብላ ሁለት ጊዜ ደገመችው። «ምን ያለ ደስ የሚል ስም ነው!» አለች። ባለሚሞሪዋ በማግስቱ መጥታ ካርዷን ወሰደች።

ክርስትናው ካለፈ በሦስተኛው ቀን አጎታችን፣ እኔና ሌሎች ዘመዶች በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ገባን። እንዳታየን ከተማው ዳር ዘመድ ቤት አደርን፤ ገና ሲነጋ በሯን አንኳኳን። ከፍታ ያን ሁሉ ጥቁር የለበሰ ሰው ስታይ ማንም መናገር አላስፈለገውም። መሬት ላይ ወደቀች፤ ሴቶቹ ያዟት። ከብዙ ጩኸት በኋላ ቀና ብላ አጎታችንን «መቼ ነው?» አለቻቸው። ነገሯት። አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ።

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ነው ሳወራ የከረምኩት?»

«ከቅጂ ጋር» አልኳት።

ተነስታ ደረቴን በጡጫ መታችኝ። መታችኝ፣ መታችኝ። ቆምኩላት። አልተሰማኝም ብል ውሸት አይደለም። ከዚያ እጇ ደከመና ድምጿ ወረደ።

«ስሙስ? ስሙንም አንተ ነህ?»

ባሏ አየኝ። አጎታችን አዩኝ። ስሙ ከየት እንደመጣ እሳቸው እንኳ አያውቁም ነበር።

«ስሙን እሷ ናት ያወጣችው። ሳትሞት፣ ሴት ከሆነች ብላ ነግራኝ ነበር» አልኩ።

እህቴ ልጇን አንስታ ታቀፈች። ያን ስም እየጠራች፣ እናቴ የሰጠሽ፣ እናቴ የተወችልኝ እያለች አለቀሰች። ቤቱ ሙሉ አብሯት አለቀሰ። እሷ አልቅሳ ወጣላት፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ የማላውቃት የአንዲት ደንበኛ ስም በእናቴ ለቅሶ ላይ ሲጠራ እሰማ ነበር።

የምርቃቱን ጥሪ ከዚያ በኋላ አልሠራሁም። ሰው ሲጠይቀኝ ዕቃው ተበላሽቷል እላለሁ።

ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ስምሽን ማን አወጣልሽ ሲሏት «አያቴ» ትላለች፤ ኩራቷ ልዩ ነው። እህቴ ከሞጣ ስትደውል ሁልጊዜ እሷን ታገናኘኛለች። ስሟን ጠርቼ ግን አላውቅም፤ ከአፌ አይወጣም። «እናቴ» ነው የምላት። አገሩ ሁሉ ትንሽ ሴት ልጅን እንዲህ ስለሚጠራ እስካሁን ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።