ኳሱ ከከሪም ወደ ኖአ

ዛሬ እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ባለው ዋይትሆል ሜዳ ላይ ልጆቻችን ጎል ሲገባባቸው እኛው ወላጆቻቸው ተነስተን ጨፈርን። በረኛው ልጄ ዞር ብሎ "ዳድ፣ ሲሪየስሊ?" አለኝ።

ያገባችው ኖአ እስራኤላዊት ናት፤ ያቀበላት ከሪም ፍልስጤማዊ። የሁለቱን ወገን ልጆች ለሚያቀራርብ የሰላም ካምፕ ኮሎምበስ መጥተው በአንድ ማሊያ ይጫወታሉ።

እስከ ዕረፍት ግን አንድም ኳስ አልተቀባበሉም። አሠልጣኛቸው "እንዲህ ከሆነ አቋርጠን እንሄዳለን" ብላ ነበር።

በዕረፍቱ ከእኛ ወገን እትዬ አልማዝ ለሁለቱም ቡድን ምሳ አቀረቡ። ፍልሰታ ስለሆነ ሥጋም ወተትም የለበትም፤ ለሁሉም እምነት ተስማማ።

ከሪምን አጎረሱትና ኖአን እንዲያጎርስ በእጃቸው ጠቆሙት። ፈራ ተባ እያለ አጎረሳት። ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዙት።

"የት ነው? አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገማት።"

ትእዛዙ በአማርኛ ነው፤ ልጁ ግን ደገማት። ኖአ አፏ እንደሞላ ሳቀች፣ በተራዋ አጎረሰችው፣ አገጩንም ሽሮ ቀባችው። (ኮቪድ የምትሉ፣ እጅ አስታጥበናል።)

ከዕረፍት መልስ ከሪም ቀና ብሎ አያትና ኳሱን ላከላት።

ጨዋታው ሲያልቅ አሠልጣኟ "ነገም እንምጣ?" ብትለኝ እትዬ አልማዝ ቀደሙኝ፦ "ይምጡ እንጂ፣ ምን ትጠይቃለች።"

እናንተስ፣ ቡድናችሁ ጎል ገብቶበት የተደሰታችሁበት ቀን አለ? እስቲ አጫውቱኝ።