የሩሎቷ ኮርኒስ

ሩሎቷን የሰጠኝ ሰው ቸር እንዳይመስላችሁ። ሮም ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገልኳቸው ሲኞራ በጥር አረፉ። ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው መጥቶ አፓርታማው እንደሚሸጥ ነገረኝና ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍሌን እንድለቅ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ስከት በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ትንሽ ሆኖ ሾርባ አልበላም ሲል እንደሚያደርገው ጆሮውን እያሻሸ፣ «አሎራ፣ እንግዲህ ኦስቲያ ያለችውን ሩሎት ውሰጃት» አለኝ። «ላንቺ ትበቃለች።»

ላንቺ ትበቃለች። ይህችን ቃል ያዝኳት። እኔ የተባልኩትን አልረሳም፤ ሰዎች ይህን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

ሩሎት በመኪና የምትጎተት የሽርሽር ቤት ናት፤ አልጋዋም ምድጃዋም ጠረጴዛዋም ውስጧ ነው። ይህችኛዋ ከልጁ በዕድሜ ትበልጣለች። መጎተት ካቆመች ቆይታለች፤ ባሕሩ አጠገብ፣ የጥድ ዛፎች ሥር ባለ ካምፕ ውስጥ ቆማ ቀርታለች። በደንብ አውቃታለሁ። ልጁ ትንሽ ሳለ አራት በጋ እዚያ አሳልፈናል። አሳልፈናል ስል እነሱ ውስጥ፣ እኔ ውጭ ነው። ከበሩ ፊት በሚዘረጋው ድንኳን ሥር፣ በጋዝ ቦምቦላውና በሚታጠፉት ወንበሮች መሃል የሸራ አልጋ ነበረችኝ። ውስጥ የምገባው ለመጥረግ ነው። ያኔም ሲኞራ ከአልጋቸው ሳይነሱ፣ «ጫማሽን አራግፊ» ይሉኝ ነበር።

በየካቲት ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። በሩ እንደ በሬ አጓርቶ ተከፈተ። የሻጋታው ሽታ ገፍቶ ሊያስወጣኝ ምንም አልቀረውም። ብርቱካንማው መጋረጃ ገና ስነካው እጄ ላይ ተበጣጠሰ። የመቀመጫዎቹ ስፖንጅ እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተርብ ቤቱን ሠርቷል። ከአልጋው በላይ ያለው ኮርኒስ ደግሞ የስንት ክረምት ዝናብ ጠጥቶ እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ተንዘርጥጧል።

ካምፑን የሚጠብቀው ሰውዬ ከኋላዬ መጣ። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ውሻ ያለው ሰው ነው።

«ሲኞራ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህችን ለብረት ሰብሳቢዎች ልሰጣት ነበር። ከፋሲካ በኋላ እንግዳ ይመጣብኛል። የሚያፈስ ነገር እዚህ አላቆምም።»

«ትታደሳለች» አልኩት።

«ማን ነው የሚያድሳት?»

«እኔ።»

ሳቀ። ሳቁን ጨርሶ ሳልስቅ ሲያየኝ፣ «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ። «ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ የውሃ ጎማ ይዤ እመጣና ጣራዋን አጠጣታለሁ። አንዲት ጠብታ ውስጥ ከገባች ሩሎቷ ትወሰዳለች። ካልገባች ቦታው በስምዎ ይጻፋል፣ ክረምት ከበጋ ይኖሩባታል።»

ፋሲካ ያለው የእነሱን ነው። የእኛ በዚያ ዓመት ብዙ ሳምንት ዘግይቶ ነበር የሚውለው።

መሄጃ አልነበረኝም። በእኔ ጡረታ ሮም ውስጥ ክፍል ሊያከራይ የሚፈልግ የለም። ያረፍኩት ቲቡርቲና አካባቢ፣ ባልንጀራዬ ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋዋ ላይ ነው። ባልንጀራዬ የምላት ሌላ ስም ስላጣሁላት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣነው በአንድ ወር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ክርስትና ላይ ሴቶች ተሰብስበን አንዷ፣ «አንቺስ የት ነው ቤትሽ?» ብትለኝ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ይህች ባልንጀራዬ ቀድማ፣ «እሷማ ምን ቤት አላት፤ የሰው ቤት ነው ቤቷ» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አላናገርኳትም። እንዴት እንደታረቅን አልጽፍም፤ እሷም እንዳትጽፍ።

አሁን ሶፋዋ ላይ አስተኝታ፣ ጠዋት ጠዋት በላዬ ቆማ፣ «ታዲያ ዛሬ ወደ ቪላሽ አንሄድም?» ትለኛለች። አትምጪ ብላት አትቀርም። ከፒራሚዴ ጣቢያ የኦስቲያን ባቡር እንይዛለን፤ ባቡሩ በሰዓቱ ከመጣ ሁለታችንም እናማትባለን።

ሥራው ሲጀመር ግን አንድ ነገር ሆነ። አባቴ ቄራ አካባቢ አናጺ ነበር፤ ዕቃ አቀባዩ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ካቻቢቴ ሲለኝ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲለኝ ፒንሳ፣ ስቱኮ አቡኪ ሲለኝ ስቱኮ። ኦስቲያ ሊዶ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ገብቼ የምፈልገውን ስጠራ ባለሱቁ ዓይኑን ገለጠ።

«ሲኞራ፣ ይህን ሁሉ የት ተማሩት?»

«ቤታችን» አልኩት።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ አፓርታማ አምፖል እንኳ ሲቃጠል፣ «አንቺ ተይው፣ ሰው እንጠራለን» ስባል ኖሬያለሁ። እኔም ተውኩላቸው። የሚያውቁትን ሁሉ ማሳየት ጥሩ አይደለም።

ተርቦቹን በጭስ አስወጣኋቸው። ግድግዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፤ ቡናማው ሄዶ ከሥሩ የማር መልክ ያለው እንጨት ወጣ። ባልንጀራዬ አዲስ የመቀመጫ ልብስ ሰፋች። ስፌቷ ጥሩ ነው፤ ይህን እዚህ የጻፍኩት እሷ ፊት ስለማልለው ነው። መሰላል ላይ ወጥቼ የጣራውን መጋጠሚያ በሲሊኮን ስደፍን እሷ መሰላሉን ይዛ ትጸልያለች።

«ለእኔ ነው የምትጸልዪው?»

«ለራሴ ነው! የምትወድቂው እኔ ላይ አይደለም እንዴ?»

ኮርኒሱ ላይ ስንደርስ ነው ነገር የመጣው። የበሰበሰውን ነቅዬ ለካሁት፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ከዘጠና። ሰፊ ስለሆነ የጣውላ ሠራተኛ ዘንድ እንሂድ አልኩ። ባልንጀራዬ እኔ ነኝ የማናግረው አለች። እሷ ጣልያንኛዬን ስታርም የኖረች ናት፤ ሲ ዲቼ፣ ኖን ሲ ዲቼ፣ ይባላል፣ አይባልም እያለች አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፊት። እሺ፣ አናግሪ አልኳት። ባለሙያው ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እርሳስ ያዘ።

«ኮርኒቼ እንፈልጋለን» አለችው በዚያ በምትኮራበት ጣልያንኛዋ። «ነጭ። ሁለት ሜትር በአንድ ከዘጠና።»

«ትልቅ ነው» አለ ሽማግሌው። «ወፍራም ይሁን ቀጭን?»

«ቀጭን። እንዳይከብድ።»

«ምን ሊገባበት ነው?»

«እሷ!» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። «ሥሩ ልትተኛ ነው።»

ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ኮምፕሊሜንቲ» ብሎ አደነቀኝና ጻፈ።

የእነሱ ፋሲካ ባለፈ፣ ረቡዕ ዕለት ልንወስድ ሄድን። ሱቁ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ነገር አለ፤ አራት ማዕዘን፣ ነጭ፣ በዳሩ ቀጭን የወርቅ መስመር የተቀባ፣ ከሁለታችንም የሚረዝም። መሃሉ ባዶ ነው። በባዶው ውስጥ ከኋላው የተሰቀለ መጋዝ ይታያል።

«የወርቋን መስመር ከራሴ ነው የጨመርኳት» አለ ሽማግሌው።

«መሃሉስ?» አልኩ።

«መሃሉማ የእርስዎ ነው። ሥዕሉን አላመጡም?»

ኮርኒቼ በእነሱ ቋንቋ የሥዕል ክፈፍ ነው። እኛ ኮርኒስ የምንለውን እነሱ ሶፊቶ ይሉታል። ቃሉን ከእነሱ ወስደን፣ ወደ ላይ ሰቅለነው፣ ሌላ ነገር አድርገነዋል፤ ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ሮም ኖረን ሁለታችንም አላወቅንም። ፓቪሜንቶ፣ ወለል ማለት ነው፣ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት የተማርኩት ቃል ነው። ሶፊቶን ግን ማንም አላስተማረኝም። ወደ ላይ ቀና የሚያስደርግ ሥራ አልሰጡኝማ። ሸረሪት ድር ሲያዩ እንኳ፣ «እዚያ ላይ» ብለው በጣታቸው ነበር የሚያሳዩኝ።

ባልንጀራዬ የጣውላ ቁልል ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ፎቶሽን ልንሰቅል ነው! ተኝተሽ!»

«ያዘዝሽው አንቺ ነሽ። ሲ ዲቼ፣ ኖን ሲ ዲቼ!»

«ኮርኒስ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

ኮርኒስ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ኮርኒቼ ያለችው ግን እሷ ናት፤ ይህ ይጻፍልኝ።

ሌላ ለማሠራት ጊዜ የለም፣ ቅዳሜ ደርሷል። ክፈፉን ደጋግሜ አየሁትና አባቴ የጣውላ መጋጠሚያ ሲያስቀይመው ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ይይዘው እንደነበር ትዝ አለኝ። ሽማግሌውን ስስ ኮምፔንሳቶ ቁረጥልኝ፣ ይህንንም ክፈፍ በአራት ፈታልኝ አልኩት፤ እንዳለ በሩሎቷ በር አይገባማ፤ እሱም ፈታው። በትንሽ መኪናው ራሱ አደረሰልን። ሁለት ቀን ሙሉ አንገታችንን ቀና አድርገን ሠራን። ባልንጀራዬ ኮምፔንሳቶውን በጭንቅላቷ ደግፋ ትይዛለች፣ እኔ እመታለሁ። ከዚያ ዙሪያውን በክፈፉ አሠርኩት። የተንዘረጠጠው ጠርዝ ሁሉ ወደ ቦታው ገባ፤ መጋጠሚያው ጠፋ። ከአልጋው በላይ የወርቅ መስመር ያለው ነጭ ኮርኒስ ተዘረጋ። ሲኞራ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ኮርኒስ ሥር አልተኙም።

ቅዳሜ ሰውዬው ጎማውን እየጎተተ መጣ። «ሁለታችሁም ውስጥ ሁኑና የገባውን ትነግሩኛላችሁ» አለ። በሩን ዘግተን አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውሃው ጣራው ላይ ሲወርድ ወራጅ ወንዝ ሥር ያለን መሰለኝ። ሁለታችንም አንገታችንን አቅንተን ኮርኒሱን ጥግ በጥግ እናያለን። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ቆመ መሰለኝ፣ ልተነፍስ ስል፣ ከጣራዋ የአየር ማስገቢያ መስኮት ማዕዘን አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች። አየኋት። እሷም አየቻት። ወረደችና ባልንጀራዬ ግንባር ላይ አረፈች።

«አሎራ?» አለ ሰውዬው ከውጭ።

ባልንጀራዬ በሕይወቷ እውነትን ያልተናገረችበት ቦታ የለም፤ በተለይ በማይነገርበት ቦታ። ዞራ አየችኝ። ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በሙሉ ድምጿ፣ «አሹቶ!» አለች። ደረቅ ነው።

ሰውዬው ገባ፣ ወደ ላይ አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ። «ኬ ቤላ ኮርኒቼ» አለ፤ ምን ያማረ ክፈፍ ነው ማለቱ ነው። ያን ቀን ስሜ መዝገቡ ላይ ሰፈረ።

ሲወጣ ባልንጀራዬ ጠጋ ብላ፣ «በሑዳዴ አስዋሸሽኝ!» አለችኝ። «ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ ልናገር?»

«ላብ ነበር በያቸው።»

ያንን ማዕዘን ሳይመሽ ደፈንኩት። ከዚያ በኋላ ስንት ዝናብ መጣ፣ አንድ ጠብታ አልገባም። ልጁም አንድ ቀን ደውሎ፣ «ሩሎቷ አለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «አለች» አልኩት፤ «ትበቃኛለች።»

የእኛ ፋሲካ ዕለት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ወደ ላይ እያየሁ በሩ ተንኳኳ። ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሲንኳኳ ስሮጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። አልተነሣሁም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

«እኔ ማን?»

«ኧረ ክፈቺ፣ ድስቱ እጄን ፈጀኝ!»

«የማን ቤት መስሎሽ ነው የመጣሽው?»

በሩን መደብደቧን ተወች። ገብቷታል። እሷም የተናገረችውን አትረሳም ማለት ነው፤ ይህን እስከዚያን ቀን አላወቅኩም ነበር።

«ያንቺ» አለች ቀስ ብላ።

«ጮክ በይ፣ ጆሮዬ ደክሟል።»

«ያንቺ ቤት ነው! ያንቺ! ይኸው የካምፑ ውሻ ሳይቀር ሰማ! አሁን ክፈቺ!»

ተነሥቼ ከፈትኩላት። ድስቱን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ቆማለች። ድስቱን ተቀበልኳት።

«ጫማሽን አራግፊ» አልኳት።