የቶሎሳ ራዲያተር ለምን ቀዘቀዘ?

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገና ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ... ቶሎሳ ነው።

ቶሎሳና ባለቤቱ መስከረም እዚሁ አዳማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ይሠራሉ። እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ታቀናብራለች። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ገጣጥሜ እሸጣለሁ። የሚሠሩበትን ዴስክቶፕ የገጣጠምኩላቸው እኔ ነኝ።

«አካም ጂርታ ሰሚራ! ኮምፒውተሩ እየጠፋ አስቸገረን እኮ!»

«መብራት እየሄደ ነው?»

«መብራቱ አለ። ትንሽ ይሠራና ጥፍት! ሲነሳ ደግሞ ያው ነው። ዛሬ መልስ አለብን... እባክሽ ድረሺልን!»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። እሑድ የቀረጹት ሠርግ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በመልሱ ላይ መታየት ነበረበት፤ መልሱ ወንጂ ነው፣ ሙሽሪት ወላጆች ቤት። የሙሽሪት እናት ቀዶ ጥገና አድርገው ገና ስላላገገሙ ልጃቸውን ሲድሩ አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ለሳቸው ሠርጉ ማለት ይሄ ቪዲዮ ነው።

ዕቃዬን በቦርሳ አድርጌ ባጃጅ ያዝኩ።

መንገድ ላይ ኮምፒውተሩን ስገጣጥምላቸው የተከራከርነው ትዝ አለኝ። የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሲሠራ ይግላል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። አንደኛው ዓይነት ትልቅ ብረት ላይ ፋን ተገጥሞለት በአየር የሚያቀዘቅዝ ነው። ሌላው ደግሞ በትንሽ ፓምፕ ፈሳሽ እያዞረ ሙቀቱን በቱቦ ወደ ራዲያተር የሚወስድ። ለአዳማ ሙቀትና አቧራ አየሩ ይበቃሃል ብዬው ነበር። ቶሎሳ ግን ድሮ ሚኒባስ ይነዳ ስለነበር ራዲያተር የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ ሄደ።

«የትኛው መኪና ነው በአየር የሚቀዘቅዘው?» አለኝ።

«ባጃጁስ? በዚህ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚሮጠው በምንድነው?»

መስከረም ሳቀች። እሱ ግን አልተረታም። ባለፈሳሹ ደግሞ መብራት አለው፣ በኬዙ የጎን መስታወት ውስጥ ሰማያዊና ሐምራዊ እያበራ ያምራል... ደንበኛ ሲገባ ያየዋል። ኮምፒውተሩ የሱ ነው፣ ገጠምኩለት።

ስቱዲዮ ስደርስ መስከረም ፊቷ ቀልቷል። ቪዲዮውን ቆርጣ ቀጥላ ጨርሳለች፤ የቀረው ኮምፒውተሩ አንድ ላይ አድርጎ እንዲያወጣላት ነው። ሊያወጣ ሲጀምር ግን ይጠፋል።

ቶሎሳ እጄን ይዞ ወደ ራዲያተሩ አስጠጋው። «እዪ እስቲ... ሙቀት እንዳልሆነ በዚህ ዕወቂ። የሚወጣው አየር እንዴት ቀዝቃዛ እንደሆነ አየሽ? ሰሞኑን ውስጡ ቅርር ቅርር ይል ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ግን እሱም ተሻለው!»

እውነትም አየሩ ቀዝቃዛ ነው።

«ቅርር የሚለው መቼ ነው ያቆመው?»

«ጠዋት ስናበራው።»

«መጥፋት የጀመረውስ?»

መስከረም ዞር ብላ ቶሎሳን አየችው።

«ቶሌ... ጠዋት ስናበራው ነው እኮ!»

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠውን ፓምፕ በጣቴ ነካ አደረግኩት። ያቃጥላል! ፓምፑ ሞቷል። ፈሳሹ ስለማይዞር ሙቀቱ ራዲያተሩ ጋ አይደርስም፤ ራዲያተሩ የቀዘቀዘው ሥራ ፈትቶ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።

«ያ ዋቃ!» አለ ቶሎሳ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ። «ፓምፕ የት ይገኛል?»

የማውቃቸውን ሱቆች ሁሉ ደወልኩ። አዳማ የለም። አዲስ አበባ አንዱ ጋ «ነገ ተነገ ወዲያ» ተባልኩ። መስከረም ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና «ለእናትየው ምን ልንላቸው ነው?» አለች።

እዚያው ወሰንኩ። ሱቄ ተመልሼ የራሴን ኮምፒውተር ፈታሁና የአየር ማቀዝቀዣውን ይዤ መጣሁ። የኔ ማቀዝቀዣ ከነሱ ቦርድ ጋር እንደሚገጥም አውቃለሁ። የሞተውን ከነቱቦው አነሳሁ፣ ፕሮሰሰሩን አፅድቼ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ፔስት እንደ አዲስ ቀባሁ፣ ትልቁን ብረት አስቀምጬ አሰርኩ።

አንድ ችግር ብቻ... ረጅም ነው። የኬዙ መስታወት አልዘጋ አለ።

ቶሎሳ መስታወቱን ታቅፎ «ትንሽ ገፋ ብታደርጊው?» አለኝ።

«አስቀምጠው ቶሎሳ!» አለች መስከረም። «ክፍቱን ይሥራ!»

አበራነው። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ ሙቀቱን የሚያሳየውን ቁጥር አፍጥጠን እያየን ነው። ወጣ... ወጣ... ከዚያ ቆመ። ፋኑ እየጮኸ ነው ግን ኮምፒውተሩ አልጠፋም። መስከረም ማንም እንዳይነካው ከፊቱ ቆማ ጠበቀችው። ቪዲዮው ሲያልቅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

«አንቺም ትሄጃለሽ» ብለው ወንጂ ይዘውኝ ሄዱ።

እናትየው ሳሎን ውስጥ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቪዲዮው ተከፈተ። ሙሽሪት ከመኪና ስትወርድ ወደ ካሜራው ጎንበስ አለችና «እማዬ... አየሽኝ?» አለች።

«አየሁሽ ልጄ» አሉ እናትየው ለቴሌቪዥኑ። «አየሁሽ... እንዴት ታምሪያለሽ!» ሙሽሪት ከተቀመጠችበት ተነስታ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ማን ቪዲዮውን አየ... ሁሉም እያለቀሰ ነው።

ስንመለስ ቶሎሳ መኪናውን እየነዳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰሚራ... ማቀዝቀዣሽን እኮ አልመልስልሽም።»

እና አየር ይሻላል ወይስ ፈሳሽ እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አጭር ነው... ሲበላሽ እዚሁ አዳማ የሚገኘው!