ለወይንሸት ስም የተሄደ መንገድ

ይህን የምጽፈው በምራቴ በወይንሸት ላይ የተሠራው በደል ተድበስብሶ እንዳይቀር ነው። ልጄ ተስፋዬ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ አዲስ አበባ ደሙ በመሣሪያ ይታጠባል። ደሙ የሚወጣበትና የሚመለስበት ቱቦ ደረቱ ላይ ገብቶለታል። ቱቦው ውስጥ ደም ረግቶ ሲደፈን፣ አንዲት ነርስ በወንድሞቹ ፊት «ሚስቱ በደንብ ስላልያዘችው ነው» አለች። ወንድሞቹ፣ እኔው የወለድኳቸው፣ ማስታመሙን ነጥቀው ወደ መንደራችን ማንኪራ መለሷት። መንደሩም ባሏን የገደለች ያህል ያያት ጀመር። ስለዚህ ነርሷ የምትሠራበት ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ልጠይቅ ተነሣሁ።

ከማንኪራ ቦንጋ

ዝናብ ጥሎ ስለነበር የጫካው መንገድ ያንሸራትታል። በትሬን ተደግፌ ወረድኩ፤ ጉልበቴ ገና ከመነሻው አጉረመረመ። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ አገኘሁ። ሹፌሩ «እማማ፣ በዚህ ዕድሜ አዲስ አበባ ምን ይሠራልዎታል?» ሲለኝ፣ ሰው ልከስ ነው አልኩት። እስከ ቦንጋ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ያዝኩ።

ጎጀብን ተሻግሮ

ወደ ጎጀብ ወንዝ ቆላ ስንወርድ ጋቢዬን አወለቅሁ። ጅማ ላይ ተሳፋሪው ሽሮ ሲያዝዝ፣ እኔ ከቤት የያዝኩትን ቆጮ በማር በላሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በእንቅልፍና በመንገጫገጭ መካከል አለፍኩት። እግሬ አብጦ ጫማዬ ጠበበኝ። አዲስ አበባ ስንደርስ ቀና ብዬ ከተማውን የማይበት አቅም አልነበረኝም።

ሐኪሙ ዘንድ

በማግስቱ ሆስፒታሉ ስሄድ ነርሷ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውራለች ተባልኩ። ከበር ወደ በር ሲያንከራትቱኝ ውለው፣ በመጨረሻ ተስፋዬን የሚያክመው ወጣት ሐኪም ወንበር ሰጠኝ። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል አለኝ። አንዳንዱ ቱቦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ግድግዳው ላይ ተጣብቆበት ይሠራል፤ መድኃኒቱን ጥቂት በጥቂት የሚለቅም አለ። እንዲህ ያለው ስላልተገኘ ለተስፋዬ የገባለት መድኃኒት የሌለበት ቱቦ ነው።

«እኛ ቀፎ ዛፍ ላይ ከመስቀላችን በፊት ንብ እንዲገባበት ውስጡን በሰም እናሸዋለን» አልኩት። «ሳያሽ ሰቅሎ፣ ንብ አልገባልኝም ብሎ ሚስቱን የሚያባርር ወንድ አይተሃል?»

ሳቀ። መድኃኒት ያለበትም ቢሆን አንዳንዴ እንደሚደፈን አስረዳኝ።

«እንግዲያው ለምን በእሷ አላከካችሁ?»

ለእኔ ብቻ መንገሩ እንደማይበቃ፣ በእኛ ዘንድ የጠፋ ስም የሚመለሰው በሰሙት ሰዎች ፊት እንደሆነ ነገርኩት። መንደር ስገባ እንድደውልለት ተስማማ።

ማንኪራ

እግሬን እንኳ ሳልታጠብ ጎረቤቱንና መንደር ያሉትን ልጆቼን ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ሰበሰብኩ። ወይንሸት ልጆቿን ይዛ ከሁሉም ኋላ ቆመች። ከድካሜ የተማርኩት ይህን ነው፤ የተማረ ሰው መልሱ አለው፣ ፊቱ ተቀምጦ አልነሣም የሚለው ካላገኘ ግን አይሰጥም። ለሐኪሙ ደውዬ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ታላቁ ልጄ ግርማ፣ ወይንሸትን ያባረራት እሱ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ ጠየቀ።

«ዶክተር፣ ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«ከእጥበት በኋላ ደም እንዳይረጋ ቱቦው ውስጥ መድኃኒት የምንሞላው እኛ ነን። ወይንሸት ቱቦውን ከፍታው አታውቅም። ሳናጣራ በእሷ ላይ መናገራችንም የእኛው ጥፋት ነው። አሁንም መልሷት፤ ተስፋዬ ነጋ ጠባ የሚጠራው እሷን ነው።»