የአያ ሞላ ዋሽንት በክፍል ሁለት

ለመጀመሪያ ጊዜ ለፊልም የተጫወትኩት ወረታ ውስጥ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ የኪራይ ቤት ነው። እኔ ማሲንቆዬን፣ በዕድሜም በሙያም የሚበልጠኝ አያ ሞላ ዋሽንቱን ይዘን ከይፋግ መጣን። እስከዚያ ቀን ሥራችን ሠርግና ክርስትና ነበር።

የፊልሙ አዘጋጅ ምስሉን በኮምፒዩተር አሳየን። አንድ ሙሽራ ያመለጠ በሬውን ሲያባርር ሩዝ ማሳ ውስጥ ጭቃ ላይ ይወድቃል። እኔ ገና ሲሮጥ የማሲንቆዬን ደጋን አጣደፍኩት። አያ ሞላ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ እንጂ! መጀመሪያ ይውደቅ።»

ሙሽራው ወደቀ። ዝም አልን። ቀና ብሎ ጭቃውን ከዓይኑ ሲጠርግ አያ ሞላ አንዲት አጭር ድምፅ ብቻ ነፋ። አዘጋጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፊልሙ ሲታይ ሕዝቡም የሚስቀው እዚያው ላይ ነበር።

ለፊልሙ ክፍል ሁለት ስንጠራ አያ ሞላ ታሞ ነበር። ሳሉ ፋታ እየነሳው፣ እያረፈ ተጫወተ። ሥራው ሲያልቅ ማንም ያላዘዘውን ረጅም ዜማ ነፋ።

«ይሄ ለባለቤቴ ለጥሩወርቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ አስገቡልኝ» አለ።

«እሺ አባባ፣ ይገባል» አለ አዘጋጁ።

ፊልሙ ሳይደርስ አያ ሞላ አረፈ።

በምረቃው ቀን ባለቤቱን እትዬ ጥሩወርቅን ይዤ አዳራሽ ገባሁ። ፊልሙ ተጀመረ። ሰው ሊወድቅ ሲል ኪቦርድ፣ ሲወድቅ ኪቦርድ፣ ከወደቀም በኋላ ኪቦርድ። ሕዝቡ መሳቂያ ጊዜ አጣ። እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው ይጠብቃሉ።

«አሁን ነው?»

«ገና ነው እትዬ።»

የሠራተኞቹ ስም አልፎ መብራት ሲበራም አልተነሱም።

አዘጋጁን በር ላይ አገኘሁት። «ፊልሙን የገዙት ሰዎች ሙዚቃው ዘመናዊ ይሁን አሉ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ይሁን። የቀዳኸውን ስጠኝ፤ ለሳቸው ነው።»

አቀረቀረ። «ኮምፒዩተሩ ላይ ቦታ ሲጠበን አጠፋነው።»

ተመልሼ ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። «አንተ ሰምተኸዋል አይደል? እንዴት ነበር የሚለው?» አሉኝ።

እስከ መናኸሪያ በእግራችን ስንሄድ በአፌ አዜምኩላቸው። ግማሹ ጠፋኝ። እሳቸው ግን «ግዴለም፣ እሱን ድገመው» እያሉ የማስታውሰውን አስደጋገሙኝ።

ዛሬም ፎገራ ሜዳ ላይ ዋሽንት ከሰማሁ ቆሜ የጠፋኝን ግማሽ እፈልጋለሁ። አላገኘሁትም።

ለፊልም የምትጫወቱ፣ የተቀዳውን ቅጂ ሳትቀበሉ ከስቱዲዮ አትውጡ።