ነጩ ዝይና የወንድሜ ስም

ልጅ ሳለሁ፣ እኛ ቤት ማታ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ሳይሆን በሩ ሲቀረቀር ነበር። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ እማዬ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ትሰቅላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የአባባ ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ከደምቢያ፣ ከጣና ዳር፣ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው ቦሌ ሚካኤል እኛ ዘንድ መጥተው ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያች በርጩማ ብዙም ሲነሱ አላስታውስም። ነዳጅ እንዳያልቅ ኩራዙ ዝቅ ይደረጋል፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ ቆስቆስ ያደርጉታል፣ ፊታቸው ቀላ ብሎ ይታያል፤ ተረቱም ያኔ ይመጣል።

አንዱን ተረት ከሁሉም አብልጬ እወደው ነበር። ከሐይቁ ሥር የሚኖር አንድ የውሃ ጌታ፣ ውሃ ሊቀዳ የወረደ ልጅ ይሰርቅና ነጭ ወፍ አድርጎ ከወፎች መሃል ይለቀዋል። እህቱ ሐይቁን ስትዞር ከርማ በአረማመዱ ትለየዋለች፤ ነገር ግን በቤት ስሙ ብትጠራው ዞር ብሎም አያያትም። ላባው ረግፎ ሰው የሚሆነው በክርስትና ስሙ ስትጠራው ብቻ ነው። አባባ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፣ ክፉ ሰው ከሰማው መተት ይሠራበታል ይሉናል። ወንድሜ ብርሃኑ ግን ይስቅባቸዋል። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለነበር በተረት አላምንም ይላል፤ ይልና ክንዶቹን እያራገበ በክፍሉ ውስጥ ሲዞር እኔ በሳቅ እሞታለሁ።

ብርሃኑን አንድ ማለዳ የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወሰዱት። ነጭ ሹራቡን እንደለበሰ ነበር። ኳስ ሲጫወት የተጎዳው ግራ እግሩ ገና ስላልዳነ እያነከሰ መኪናው ላይ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ስንቅ ማመላለስ ሥራዋ ሆነ። ሳህኑ ባዶውን ከተመለሰ በልቷል ማለት ነው፤ በልቷል ማለት ደግሞ አለ ማለት ነው። ባዶውን ሳህን ከማጠቧ በፊት ታቅፈው እንደነበር አስታውሳለሁ። አንድ ቀን ግን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ «ተዛውሯል» አላት፤ ወዴት እንደሆነ አልነገራትም።

ያኔ ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ ማልቀስ ክልክል ነው፣ ድንኳን አይተከልም፣ ጎረቤትም ለማጽናናት ደፍሮ አይገባም። እማዬም ቃሉን እንዳለ ያዘችው። ተዛውሯል አሉኝ እንጂ ሌላ ነገር አላሉኝም እያለች ስንቋን ይዛ ከአንዱ እስር ቤት ወደ ሌላው ትዞር ጀመር።

ተረት ቀረ። ማታ ማታ የተኛሁ መስዬ የምሰማው የአባባንና የእማዬን ክርክር ሆነ። ብርሃኑ ክርስትና ሲነሳ አባባ አገር ቤት ነበሩ። አባቴ ሞቷል፤ የክርስትና አባቱም የት እንዳሉ አይታወቅም። ስሙን የምታውቀው እማዬ ብቻ ነበረች።

«ጥሩነሽ፣ ስሙን ስጪኝ» አሏት አንድ ማታ። «ለቄሱ ልንገራቸውና ፍትሐት ይደረግለት። አፈር እንኳ አላለበስነውም።»

«ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም፣ አባቴ።»

ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው አሏት። ጀርባዋን ሰጥታቸው ተኛች። እኔ ፍትሐት ምን እንደሆነ ገና አላውቅም ነበር፤ የገባኝ ነገር ቢኖር ስሙ እማዬ ዘንድ መኖሩ ነው።

ነጩን ወፍ ያየሁት ከመስቀል በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከቦሌ መንገድ ወረድ ብሎ ባለ መናፈሻ ውስጥ እናቋርጥ ነበር፤ አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ ኩሬውም በክረምቱ ውሃ ሞልቷል። ወፉ ዳር ላይ ቆሟል። አንዱ ልጅ ሳቢሳ ነው አለ፤ ሌላው የሳቢሳ እግር እንዲህ አይወፍርም ብሎ ሳቀበት። ዳክዬ እንዳንለው ትልቅ ነው፣ አንገቱም ረጅም ነው። እነሱ ሲከራከሩ እኔ እግሩን አየሁ። ወፉ ሲራመድ ግራ እግሩን ያነክስ ነበር።

ሮጬ ለአባባ ነገርኳቸው። የውሃ ወፍ ነገር ሲነሳ ያገራቸው ወሬ የመጣላቸው ያህል ፊታቸው ፈካ። ክንፉን ጠየቁኝ፣ መንቁሩን ጠየቁኝ፣ አንገቱን በእጄ እንድለካላቸው አደረጉኝ። የጣናው ወፍ ይብራ ነው እንዳይሉ፣ እሳቸው የሚያውቁት ይብራ እንዲህ ነጭ አይደለም። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቅንቀው «እንዲህ ያለውን እኔም አላየሁ። እንግዲህ ያ የውሃ ጌታ የላከው ይሆናላ» አሉና ፈገግ አሉ። ብርሃኑ ከሄደ ወዲህ ፈገግ ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ሊያጫውቱኝ ነው ያሉት፤ እኔ ግን አመንኩ።

እማዬ ስንቅ እየቋጠረች ነበር።

«እማዬ፣ የብርሃኑ የክርስትና ስም ማነው?»

እጇ ቋጠሮው ላይ ቀረ። አባባ የላኩኝ መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ። ማንም አልላከኝም ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ኩሬውን፣ ንጣቱን፣ እግሩን። ትቆጣለች ወይ ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ግራ እግሩን ነው ያልሽኝ?»

«ግራውን።»

ነጠላዋን አንስታ ወጣች። በጣም የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እናቴ አስተዋይ ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን ስንቋን ደረቷ ላይ አቅፋ የቦሌን መንገድ ስትሻገር ተከትዬ መድረስ አቃተኝ።

ኩሬው ዳር ደርሳ ዙሪያዋን አየች። ጎንበስ ብላ፣ ልጅ ከእንቅልፉ በሚቀሰቀስበት ድምፅ፣ ስሙን ጠራች። ያን ስም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ወፉ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ እሷ ዞረ። እማዬ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ስንቁን እየፈታች ደግማ ጠራችው። እኔ ነኝ፣ ና፣ እኔ ነኝ ትለው ነበር። ወፉ እያነከሰ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ክንፉን ዘርግቶ እንደ እባብ ፉጭ አለባት።

«እትዬ፣ ይጠንቀቁ፤ ይነክሳል» አለ አትክልት የሚያጠጣው ሰው ከኋላችን። ዝይ ነው አላት። ከላይ ካለው ቪላ ነው የመጣው፤ ባለቤቶቹ ፈረንጆች ናቸው፣ ቤቱ ሲወረስ ጥለውት ሄዱ፣ በአጥሩ ሲሾልክ ሽቦ እግሩን ቆርጦት ነው።

«ዝይ» አለች እማዬ።

አላለቀሰችም። ስንቁን በሙሉ ዝይው ፊት አፈሰሰችለትና ሳህኑን በነጠላዋ ጠረገችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሚካኤል ወሰደችኝ። ቄሱ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳልማ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ ያንኑ ስም ነገረቻቸው፤ ቄሱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። እቤት ስንገባ አባባን «ሰጥቻለሁ» አለቻቸው። አባባ ጎረቤት እንዳይሰማ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው አለቀሱ። ያን ተረት ዳግም ከአፋቸው አልሰማሁትም።

አሁን ያ መናፈሻ የት ጋ እንደነበር ለልጆቼ ላሳያቸው ብል ፎቆቹ ያምታቱኛል። ተረቱን ግን እነግራቸዋለሁ፤ መብራት የጠፋ ዕለት ሻማ ለኩሼ፣ እንደ አባባ ድምፄን ቀንሼ። ልጅቷ ወንድሟን ከወፎች መሃል ለይታ ውሃው ዳር እስክትቆም ድረስ እወስዳቸዋለሁ። ያኔ «ማን ብላ ጠራችው?» ይሉኛል። አልነግራቸውም። እዚህም አልጽፈውም። እናቴ በዚያ ስም ስትጣራ የመጣው ዝይ ነው፤ እኔ በስሙ እስካልጠራሁት ድረስ ግን፣ ወንድሜ ተጠርቶ አልመጣም ለማለት አልገደድም።