ጀማል ሲጠብቀው የነበረው ኢንሱሊን

ዛሬ እዚህ ጉደር ከተማ፣ የሟቹ ጓደኛዬ የጀማል ልጅ ዘይነባ ኢንሱሊኗን ሆዷ ላይ ወግታ ስታበቃ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?» አለችኝ።

በደርግ ጊዜ አባቷም ስኳር ነበረበት። ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን የሚወጋው ኢንሱሊን ከአሳማ ቆሽት እንደሚወጣ ሰማና መርፌውን ተወ።

የመስጊዱ ሼኽ ራሳቸው መጥተው «ለነፍስ ሲሆን ይፈቀዳል» አሉት። ለእኔ ግን «እሳቸው ፈቅደዋል፤ እምቢ ያለኝ ሆዴ ነው» አለኝ።

በሬዲዮ የሰማሁትን ይዤ ሮጥኩለት። ውጭ አገር የሰውን ዘረ መል ባክቴሪያ ውስጥ ይከቱታል፤ ባክቴሪያውም የሰው ኢንሱሊን ይሠራል።

«አቦ፣ ከአሳማ አድነህ ጀርም ልትወጋኝ ነው?»

«ጀርሙ እኮ ሠራተኛ ነው። አንተ የሰፋኸው ሱሪ አንተን ሆኖ ያውቃል?»

ሳቀ። «በል እሱ ጉደር ሲገባ ጥራኝ፤ እስከዚያ እታገሳለሁ።»

ስኳሩ ግን አልታገሰም። ክረምቱ ሳይወጣ ጀማልን ቀበርነው። ይሰፋልኝ የነበረው ሱሪ አንድ እግሩ ሳይከፈፍ ስፌት መኪናው ላይ ቀረ። (አሁንም አለኝ፤ ለነገሩ ዛሬ ከጉልበቴም አያልፍም።)

ለዘይነባ «የሰው ነው፤ ጀርም የሰፋው። አባትሽ ሲገባ ጥራኝ ያለኝ እሱን ነው» አልኳት። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ በመዳፏ ይዛ አገላብጣ አየችው።

እናንተስ ቤት መድኃኒቱ የዘገየበት ሰው ነበር? ስሙን ብቻ እንኳ ጻፉልኝ፤ ዛሬ ጀማልን ብቻዬን ማስታወስ ከብዶኛል።